ምንም አልበላሁም

ሰው ስለ መጠጡ ይዋሻል፣ ስለ ሲጋራው ይዋሻል፤ እሱ ይገባኛል። ቁርስ በልተሃል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ የሚዋሽ ሽማግሌ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ራግና እባላለሁ። በሰሜን ኖርዌይ፣ የመርከብ ወደብ ባላት አንዲት ትንሽ ከተማ ሆስፒታል የማደንዘዣ ነርስ ነኝ። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ መገጣጠሚያው የወለቀ ሰው ሲመጣ ለጥቂት ደቂቃ የማስተኛው እኔ ነኝ። ሐኪሟ ትጎትታለች፣ እኔ ራስጌ ቆሜ ትንፋሹን እጠብቃለሁ። ሁለቱን ሥራ አንድ ሰው አይሠራውም፤ ዳሌ የሚጎትት ሰው ትንፋሽ የሚያይበት ዓይን አይተርፈውም።

መድኃኒቱ ፕሮፖፎል ይባላል፤ ሲያዩት ወተት ነው። በደም ሥሩ ሲገባ ሰውየው የጀመረውን ወሬ ሳይጨርስ ይተኛል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ልትጀምሩ ነው?» እያለ ይነቃል። ሁሉ ነገር ያለቀ መሆኑን ስነግረው አያምነኝም። በመሀል የሆነውን አያውቅም፤ እንቅልፍ ሊወስደው ሲል የተናገረውንም አብዛኛውን ጊዜ አያስታውስም። አፍ ደግሞ ይፈታል። አንድ ቄስ የተሳደቡትን ስድብ እስከ ዛሬ ለባሌ እንኳ አልነገርኩትም።

ሃልቫርድንና ኤይለርትን አገር ያውቃቸዋል። ወንድማማቾች ናቸው። ከባሕሩ ማዶ በአንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን በተሠሩ ሁለት ቤቶች ይኖራሉ፤ ሁለቱም አላገቡም፣ አልወለዱም። አባታቸው ያወረሳቸው የጀልባ ቤት ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ቢጫ ነው። በምን ይቀባ በሚለው መስማማት ስላልቻሉ እያንዳንዱ የራሱን ግማሽ በራሱ ቀለም ቀባ። በበጋ የሚመጡ ቱሪስቶች የአገሩ ጌጥ እየመሰላቸው ፎቶ ያነሱታል።

ኩርፊያው የእናታቸው ቀብር ያመጣው ነው። እናትየው ስታርፍ ሃልቫርድ ከሩቅ ባሕር ዓሣ ያጠምድ ነበር፤ መርከቡን ማዕበል ያዘው። ኤይለርት አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ጠበቀና አልጠበቅም ብሎ ቀበራት። ሃልቫርድ የደረሰው በማግስቱ ነው። ከዚያ ወዲህ አንዱ የሌላውን ስም ጠርቶ አያውቅም። ሱቅ ውስጥ ሲገናኙ እንኳ «ለዚያ ሰውዬ ከመንገዴ ዞር በል በይልኝ» ይላሉ ለባለሱቋ፣ ሰውየው ክንዳቸው ሥር ቆሞ። እኛም ለመድነው፤ አንዳንዴም እንስቅበት ነበር፣ ምን ልዋሽ።

በመጋቢት አንድ ረፋድ ላይ ኤይለርት የአናጢ መኪናውን ድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ አቆመ። ከኋላ፣ በጣውላዎቹ መሀል፣ ፍራሽ ላይ ሃልቫርድ ተጋድሟል። ቦቲውን ሊያወልቅ ጎንበስ ሲል ነው አሉ፣ ቀደም ሲል በቀዶ ጥገና የተተከለለት ሰው ሠራሽ ዳሌው ከጎድጓዳው የወጣው። አምቡላንሱ በሌላ አቅጣጫ ሄዶ ስለነበር ኤይለርት ከጀልባ ቤቱ ቢጫ በኩል ጩኸቱን ሰምቶ ሃልቫርድ ወዳለበት ወደ ቀዩ ገባ፣ አንሥቶ ጫነው፣ መኪና በሚጭነው ጀልባ አሻግሮ አመጣው። ወንድሙን በእጁ ሲነካው ከስንት ዘመን በኋላ እንደሆነ እንጃ።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት ሃልቫርድን፣ አልጋው ላይ ስናስተኛው።

«እኔ ምንም አልሆንኩም። ያ ሰውዬ ግን አንድም ጉድጓድ አያሳልፍም» አለኝ። ፊቱ ወርዝቷል፣ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«መንገዱን የሠራሁት እኔ አይደለሁም በይልኝ» አለ ኤይለርት ከበሩ።

«እኔ የማንም አስተርጓሚ አይደለሁም። ሁለታችሁም የአንድ እናት ቋንቋ ነው የምትናገሩት» አልኳቸው። እንዲህ እያልኩ ሱሪውን በመቀስ እየቀደድኩ ነበር።

ሐኪሟ ቪብከ ትባላለች፤ ከጀርመን የመጣች ልጅ ናት፣ ጎበዝ፣ ሰው ማክበር ትንሽ የምታበዛ። «ጤና ይስጥልኝ፣ ዛሬ እርስዎን የማክመው እኔ ነኝ» አለችው።

ሃልቫርድ በዚያ ሕመሙ መሀል አንገቱን ቀና አድርጎ በሩን አየ። «ንጉሡ መጥቷል እንዴ? እኔን አንተ በይኝ፣ ልጄ። እርስዎ ስትይኝ ዳሌው ይብስበታል።»

እኛ አገር እርስዎ ተብሎ የሚጠራ ንጉሡ ብቻ ነው። ቪብከ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ኤይለርት እንኳ በአፍንጫው አንድ ነገር አለ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አላወቅሁም።

የራጅ ፎቶው ተነሣ። ዳሌው ወጥቷል፣ ሌላ የተሰበረ ነገር የለም። ቪብከ ቁጭ ብላ አስረዳችው። ሆዱ ባዶ ከሆነ እዚሁ ለአጭር ጊዜ አስተኝተነው እንመልሰዋለን፤ ምሳ ሰዓት ላይ አልጋው ላይ ተቀምጦ ይሰድበናል። ከበላ ግን ላይ ቀዶ ጥገና ክፍል ወጥቶ፣ ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ገብቶለት ነው የሚሠራው፤ ክፍሉ እስኪለቀቅም ትንሽ መጠበቅ ይኖርበታል።

«በመጨረሻ የበላኸው መቼ ነው?» አለችው።

ሃልቫርድ ኤይለርትን አየው። ኤይለርት ቆቡን በእጁ እያዞረ ነበር።

«ምንም አልበላሁም» አለ ሃልቫርድ። «ማታ ዓሣና ድንች ቀምሻለሁ። ዛሬ ምንም።»

«በመንገድስ?» አልኩት። እኔ ይህችን ነገር ሁልጊዜ ደግሜ እጠይቃለሁ።

«በመንገድ? ከዚህ ሰውዬ ጋር? ከሱ እጅ ምን ይበላል?»

የኤይለርት ፊት በርበሬ መሰለ። አፉን ከፈተ። ቪብከ ዞር ብላ «የሚሉት ነገር አለ?» አለችው። አፉን መልሶ ዘጋ። «እኔ ምን እላለሁ» አለና ቆቡን ደፍቶ ከመጋረጃው ውጪ ወጣ። እኔ በልቤ ይኸው ጀመራቸው አልኩ። የዱሮው ኩርፊያ ነው ብዬ አለፍኩት፤ ከተማው ሁሉ እንደሚያልፈው።

ቪብከ ግን ትክክለኛ ሐኪም ናትና አንድ ጊዜ ደግማ አስረዳችው። መድኃኒቱ አንተን ሲያስተኛህ ጉሮሮህንም ያስተኛዋል፤ ሆድህ ውስጥ ምግብ ካለ ወደ ላይ መጥቶ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ አይደርስም፣ ከደረሰ ግን ክፉ ነው። ይህን ሁሉ ስትል ሃልቫርድ የሚያየው እሷን አልነበረም። በመጋረጃው ሥር የኤይለርት ጫማ ይታያል፤ አልሄደም፣ እዚያው ቆሟል። ሃልቫርድ ያንን ጫማ ያያል። አንድ ነገር ሊል አሰበ፤ ምራቁን ዋጠ።

«ምነው?» አልኩት።

«ምንም። ጀምሩ» አለ።

ፈርቶ ነው አልኩ። ሁሉም ይፈራል፣ ባሕር ላይ ያረጀው ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ትከሻውን መታ መታ አደረግሁለት። ያቺን ምራቅ የዋጠባትን ጊዜ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ኦክስጅን ሰጠሁት፣ መምጠጫው መሥራቱን አየሁ፣ የትንፋሹ መስመር ስክሪኑ ላይ ሽቅብ ቁልቁል ማለቱን አረጋገጥኩ። ከዚያ የተለመደውን ጥያቄዬን ጠየቅሁት። ማስተኛቱን ከመጀመሬ በፊት ሁሉንም እጠይቃለሁ፤ ሰው ደስ የሚል ነገር እያሰበ ከተኛ ሲነቃም ደስ ብሎት ይነቃል።

«የት ልውሰድህ? ደስ የሚልህን ቦታ ምረጥ።»

«እማ ጓዳ» አለ፣ ሳያመነታ።

«ምን እየሠራች ነው?»

ነጩን መድኃኒት ቀስ እያልኩ መግፋት ጀመርኩ። ዓይኑ ለሰለሰ፣ ግንባሩ ላይ የነበረው መስመር ሁሉ ጠፋ። ፈገግ አለ። እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር።

«ዋፍል» አለ፣ ያን የአገራችንን ለስላሳ ጣፋጭ ቂጣ። «ሄል አድርጎበታል… ልክ እንደ እማ… ኤይለርት…»

ስሙን ጠራው። በመጀመሪያ የሰማሁት ስሙን ነው፤ ጉድ ነው አልኩ። ቀጥሎ ነው ሌላው የገባኝ።

«ማነው ሄል ያደረገበት? መቼ?» አልኩት ጆሮው ላይ ተደፍቼ።

«ጀልባው ላይ» አለ። «ጥሩ ነበር… አልነገርኩትም…»

ተኛ። መርፌው እጄ ላይ ባዶ ነው። የገፋሁትን ወደ ኋላ የምስብበት መንገድ የለም።

«ቪብከ፣ እንዳትነኪው። በልቷል» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። ወዲያው ማደንዘዣ ሐኪሙን ጠራን፣ ራስጌውን ዝቅ አደረግን፣ በጎኑ ልናዞረው ያዝነው። ዳሌው የወጣ ሰው ደግሞ እንደ ሌላው ሰው አይዞርም። በጥቂት ደቂቃ ራሱ ይነቃል፤ ያቺን ጥቂት ደቂቃ ብቻ እንዲሰጠን ነበር የለመንኩት። ለማን እንደለመንኩ እንጃ፤ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው ለቀብር ነው።

አልሰጠንም። ሆዱ ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ የበላው ወደ ላይ መጣ። በመምጠጫው መጠጥኩ፣ ደግሜ መጠጥኩ። የሄል ሽታ ክፍሉን ሞላው። የትንፋሹ መስመር ተቆራረጠ፣ ከንፈሩ ጠቆረ። ማደንዘዣ ሐኪሙ ደርሶ ቱቦውን አስገባ። ቀለሙ ተመለሰ፤ የገባው ግን ገብቷል፣ ሳንባው ላይ ስናዳምጥ እንደ ፍል ውኃ ይንተከተካል። እንዲያ ተኝቶ ሳለ ቪብከ ዳሌውን ያዘችና በአንድ ጉተታ ቦታው መለሰችው። ያ ሁሉ የመጣበት ነገር ያችን ታህል ነበረች።

ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ኤይለርት እዚያው ቆሟል። ከፊቴ አወቀ።

«ምን አበላኸው?» አልኩት።

«ዋፍል» አለ። «ቡናማ አይብ ጣል አድርጌበት። ጧት ለራሴ የጋገርኩት መኪናው ውስጥ ነበር። ጀልባው ላይ ሳጥኑን ሰጠሁት፤ በላ።»

«ለምን አልተናገርክም? ሐኪሟ ዓይንህን እያየች ጠየቀችህ እኮ። መጋረጃው ጋ ቆመህ ሁሉን ሰምተሃል።»

«እሱ ይናገር ብዬ ነው» አለ። «የበላው እሱ ነው። አሁን ይላል፣ አሁን ይላል እያልኩ ቆምኩ። እሷም ብዙ ጊዜ አይደርስም አለች።»

ደሜ ፈላ። «በሉ እንግዲህ፣ እልኻችሁን ብሉት» አልኩት። ሰው በተሰበረበት ሰዓት እንዲህ አይባልም። እሱ ግን ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘና ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ያን ጊዜ አንጀቴን በላኝ፣ ግን አፌ የተናገረውን ተናግሯል።

ሃልቫርድን ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል አስገባነው። ያው ነጩ መድኃኒት፣ ያ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚያስተኛው፣ አሁን ሌት ተቀን ሳያቋርጥ ይንጠባጠብለት ጀመር፤ ከቱቦው ጋር ነቅቶ መቆየት ስለማይችል። ቀስቅሰነው እናያለን ስንል ሳንባው እምቢ ይላል፣ መልሰን እናስተኛዋለን። ወደ ትልቁ ሆስፒታል በሄሊኮፕተር ለማዛወር አስበን አየሩ ከለከለን፤ ሲከፈት ደግሞ ለመንገድ የማይሆን ሰው ሆኖ ነበር።

ኤይለርት አልጋው አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።  በኋላ ማውራት ጀመረ። የአየሩን ጠባይ፣ የዓሣውን ዋጋ፣ የጀልባ ቤቱ ጣሪያ ማፍሰሱን ይነግረዋል። አንድ ቀን ፈሳሹን ልቀይር ስገባ ቀና ብሎ አየኝ።

«ይሰማኛል?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት። ነገሩ እንደዚያ ነው፣ አላውቅም።

«ቢሰማስ፣ ያስታውሳል?»

«አያስታውስም።»

ራሱን ነቀነቀና ወደ ወንድሙ ዞረ። «ሃልቫርድ፣ ቀይ ቀባው እሺ። ሁሉንም ቀይ ቀባው» አለው። እኔ ፈሳሹን ሳልቀይር ወጣሁ፤ ከበሩ ውጪ ትንሽ ቆሜ ዓይኔን ጠርጌ ነው የተመለስኩት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ ላይ፣ ሃልቫርድ ሞተ። ኤይለርት እጁን ይዞት ነበር። የሆስፒታላችን ቄስ መጥተው በለሆሳስ ጸለዩ፣ ከዚያ ቀብሩን በሚመለከት ለመቼ ይሁን ብለው ጠየቁት። ኤይለርት የወንድሙን እጅ እንደያዘ ቀና አለ።

«መቼም ይሁን» አለ። «የሚጠበቅ ሰው የለም።»

ቄሱ ሲወጡ እኔ ቀረሁ። ስለዚያ ቀን ልነግረው የሚገባ ነገር እንዳለ አውቄ ስሸሸው ሰንብቻለሁ። ብነግረው ይብስበታል እላለሁ፤ ባልነግረው ደግሞ የሃልቫርድን የመጨረሻ ቃል ሰርቄ ማስቀረቴ ነው። ቃሉ የኔ አይደለም። በመጨረሻ ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ሊተኛ ሲል አንድ ነገር ብሎ ነበር» አልኩት። «ዋፍሉ ሄል አለው፣ ልክ እንደ እማ አለ። ጥሩ ነበር፣ አልነገርኩትም አለ። ስምህን ጠራ።»

«ስሜን?»

«ኤይለርት ብሎ።»

 በእጁ ቆቡን ያሻሻል። ውጪ በረዶ የሚጠርገው መኪና እየጮኸ አለፈ። 

«ቢነቃ ኖሮ፣ ይህን ማለቱን ያስታውሰው ነበር?» አለኝ።

«ላያስታውሰው ይችላል።»

«እንግዲያው ቢድንም ምንም አልበላሁም ይል ነበር።»

«ይል ነበር» አልኩ።

«እኔም ዝም እል ነበር» አለ፣ ፈገግ ሊል ሞክሮ። ከንፈሩ እምቢ አለው። «አይ፣ አንድ ነገር አላወቅሽም፣ ራግና። ከሱ እጅ ምን ይበላል ሲል ሰማሽው አይደል? ያለ ምክንያት አይደለም ያለው። ጀልባው ላይ ሳጥኑን ስሰጠው ዝም ብሎ ተቀብሎ በላ። የመጨረሻዋን አልበላትም። ለኔ አስቀረና ሳጥኑን መልሶ ገፋልኝ። ያን ያህል ሕመም ላይ ሆኖ በክርኑ ተደግፎ ነው የገፋልኝ። አንድ ቃል አልተናገረም፣ እጁን ብቻ እንዲህ አደረገ፣ ብላ እንደማለት።»

«አንተስ?»

«እኔ ነገር ፈለግሁ። በእማ ቀብር ማግስት ሲደርስ የተናገረኝ ትዝ አለኝ፤ እድሜ ልኬን ያልተወኝ ነገር። የመኪናውን መስኮት ከፈትኩና ዋፍሏን ለባሕር ወፎቹ ወረወርኳት። እያየኝ። ወፎቹ ተሻምተው ሲበሏት አብረን አየን። ከዚያ መስኮቱን ዘጋሁ፤ እዚህ እስክንደርስ አልተያየንም።»

  እጄን እጁ ላይ አደረግሁ፤ አልሸሸኝም። ሃልቫርድ በነጭ አንሶላ ተሸፍኖ ከፊታችን ተኝቷል፣ ነጩ መድኃኒት ያለበት መርፌም ገና ከመደርደሪያው አልተነሣም ነበር።

«ደግሞ እኮ» አለ ኤይለርት፣ መሬት መሬት እያየ፣ «ርቦኝ ነበር።»